«ጌት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ስንት ሥራ ነው ያለው? መዝገበ ቃላቴ «ማግኘት» ብሎ አለፈው

ማለዳ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የምኖረው ቨርጂኒያ ሲሆን የምሠራው በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። እንግሊዝኛ የተማርኩት እንደ ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ስለተማርን አንብቤ መረዳት አያስቸግረኝም። የሚያስቸግረኝ አንዲት ትንሽ ቃል ናት፦ «ጌት»። መዝገበ ቃላቴ «ማግኘት፣ መቀበል» ይላል። ሥራ ቦታ የምሰማው ግን ከማግኘት ጋር ዝምድና ያለው አይመስልም።

በአንድ ፈረቃ ውስጥ ማስታወሻዬ ላይ ያሰፈርኩትን ልጥቀስ። ስልክ ሲጮኽ ባልደረባዬ «አይል ጌት ኢት» ብላ ሮጠች። ኃላፊዋ ስለ አንዲት እናት «ሺ ኢዝ ጌቲንግ ወርስ» አለች፤ ቀጥላም ወደ እኔ ዞራ «ጌት ኸር ቱ ድሪንክ ሰም ዋተር» አለችኝ። ሌላዋ ስለ ወንድሟ «ሂ ጋት ፋየርድ» ብላ አዘነች። ምሳ ላይ አንዱ ቀልድ ሲያወራ አንዷ «አይ ዶንት ጌት ኢት» አለችና ሁሉም ሳቁ። ስልክ፣ ሕመም፣ ውኃ፣ ከሥራ መባረርና ቀልድ፣ ሁሉም በአንድ ቃል!

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ቃሉ የሚመራበት ሥርዓት አለ ወይስ እያንዳንዱን መሸምደድ ነው? ደግሞስ ጽፈው ሲያሳዩኝ የማውቀው ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ለምን ሌላ ቃል ይመስለኛል?

መንገደኛ

እህቴ፣ በከንቱ አትድከሚ። እኔ አሜሪካ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ፤ ይህ ቃል ሥርዓት የሚባል ነገር አያውቅም። መድኃኒቱ መስማት፣ አሁንም መስማት ነው። ሰዋስው ማንንም አፍ አስፈትቶ አያውቅም።

ጣና ዳር

ባሕር ዳር እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከመንገደኛ ጋር አልስማማም፤ መስማቱ ግድ ነው፤ ነገር ግን ምን እንደሚሰማ የማያውቅ ጆሮ ሲሰማ ውሎ ባዶውን ይገባል።

ምስጢሩ ቃሉ ራሱ ላይ አይደለም፤ ከኋላው የሚከተለውን ተመልከቺ። ስም ከተከተለው ማግኘት፣ መቀበል፣ መግዛት ወይም ሄዶ ማምጣት ነው። መዝገበ ቃላትሽ የነገረሽ ይህንን ብቻ ነው። «አይል ጌት ኢት»ም ከዚሁ ቤት ነው፤ ስልክ ሲጮኽ «እኔ አነሳዋለሁ»፣ በር ሲንኳኳ «እኔ እከፍታለሁ» ማለት ይሆናል። ቦታ ከተከተለው መድረስ ነው። «ጌት ቱ ዎርክ» ሥራ ቦታ መድረስ ሲሆን፣ «ሆም»፣ «ሂር» እና «ዜር» ሲመጡ ግን መሃል ያለው «ቱ» ይጠፋል። ተማሪዎቼ «ጌት ቱ ሆም» እያሉ ያስቸግሩኛል።

ቅጽል ሲከተለው ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ያን ጊዜ መለወጥን ያመለክታል። እንግሊዝኛ ለዚህ ሁለት ቃል ሲያስፈልገው እኛ በአንድ ግስ እንጨርሰዋለን። «ጌት ዳርክ» መሸ፣ «ጌት ኦልድ» አረጀ፣ «ጌት ኮልድ» በረደ፣ «ጌት ቤተር» ተሻለው። ኃላፊሽ ስለ እናቲቱ የተናገረችው «እየባሰባት ነው» ብላ ነው። «ቢ» በሚለው ግስና በ«ጌት» መካከል ያለውን ልዩነት አማርኛ በራሱ መንገድ ያውቀዋል፦ «አይ አም ታየርድ» ደክሞኛል ነው፤ «አይ ጋት ታየርድ» ደከመኝ ነው። አንዱ ያለሁበት ሁኔታ፣ ሌላው ወደዚያ ሁኔታ የገባሁበት ቅጽበት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በትምህርት ቤት አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ የሚባሉትን የግስ ዓይነቶች ታስታውሻለሽ? ቀጠረ፣ ተቀጠረ፣ አስቀጠረ። እኛ ግሱ ላይ «ተ» ወይም «አስ» ስንጨምር የምንሠራውን ሥራ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ብዙ ጊዜ በ«ጌት» ይሠራዋል። «ጋት ሃየርድ» ተቀጠረ፣ «ጋት ፋየርድ» ተባረረ፣ «ጋት ኸርት» ተጎዳ። «ወዝ ፋየርድ» ቢባልም ስሕተት አይደለም፤ እንዲያውም ለጽሑፍ የሚስማማው እሱ ነው። «ጋት» ሲሆን ግን የወሬ ቋንቋ ነው፤ ነገሩ በሰውየው ላይ ደረሰበት የሚል ስሜትም አለው። የእኛ «ተ» ለራስ የሚደረገውንም እንደሚይዝ (ታጠበ፣ ተላጨ)፣ «ጌት»ም ይይዛል፦ «ጌት ድሬስድ» ልብስ መልበስ ነው።

በአስደራጊው በኩል ደግሞ «አይ ጋት ማይ ካር ፊክስድ» ብትዪ መኪናዬን አሠራሁ ማለትሽ ነው። «አይ ፊክስድ ማይ ካር» ካልሽ ግን ሠራሁ ማለት ነውና ሰው መካኒክ ነሽ ብሎ ያስባል። በአማርኛ የአንዲት «አ» ልዩነት ነው። «ጌት ኸር ቱ ድሪንክ»ም እዚሁ ይገባል፦ ውኃ እንድትጠጣ አድርጊያት።

«አይ ዶንት ጌት ኢት» አልገባኝም ነው። እኛም ገባ የሚለውን ግስ ለሰው፣ ለክረምት፣ ለፀሐይና ለትምህርት እንደምንጠቀምበት አትርሺ፤ አማርኛ የሚማር ፈረንጅም ይኸንኑ ጥያቄ ይጠይቃል።

ለፈረቃሽ የማይጠቅም፣ እኔን ግን ደስ የሚያሰኝ አንድ ነገር ልጨምር። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በመካከለኛው ዘመን ከስካንዲኔቪያ ሰዎች ቋንቋ፣ ከጥንታዊው ኖርስ ነው። እንግሊዞቹ ከዚያ በፊት የቃሉ ዘመድ የነበረው ግስ ነበራቸው፤ እሱ ግን ከሌላ ቅጥያ ጋር ተጣብቆ እንጂ ለብቻው እምብዛም አይቆምም ነበር። «ፎርጌት» የሚለው የመርሳት ቃል የዚያ ርዝራዥ ነው።

የሌሊት ፈረቃ

ሜሪላንድ ነርስ ነኝ። የመምህሩ መልስ ጥሩ ነው፤ በሥራ በኩል የጎደለውን ልሙላ።

«ጌት ኸር ቱ ድሪንክ» እና «ሜክ ኸር ድሪንክ» በአማርኛ ሁለቱም «አጠጫት» ሊባሉ ይችላሉ። በእንግሊዝኛ ግን የተለያዩ ናቸው። «ጌት» ማግባባት፣ ማባበል፣ እንደምንም ማሳመን አለበት። «ሜክ» ማስገደድ አለበት። እኛ በምንሠራበት ቦታ ይህ የቋንቋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የተባሉትን የመንግሥት የጤና መድኖች የሚቀበሉ የአረጋውያን መንከባከቢያዎች እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው የፌዴራል ሕግ ይተዳደራሉ፤ በእሱ መሠረት ነዋሪው ሕክምናን እምቢ የማለት መብት አለው። ስለዚህ መዝገብ ላይ «አይ ሜድ ኸር ድሪንክ» ብለሽ ብትጽፊ የሚያነበው ሰው «አስገድዳ አጠጣቻት?» ብሎ ይጠይቃል። በአፍ «አይ ጋት ኸር ቱ ድሪንክ» በይ። ጽሑፍ ላይ ግን «ጌት»ንም ተይውና «ኢንከሬጅድ ፍሉይድስ» (ፈሳሽ እንድትጠጣ አበረታታኋት) ብለሽ ስንት እንደጠጣች አስፍሪ። እምቢ ካለች እምቢ ማለቷን ጻፊ።

የቃላት አሰካኩንም ልብ በይ፦ ከ«ጌት» በኋላ «ቱ» ይገባል፤ ከ«ሜክ» በኋላ አይገባም።

ለምን አይሰማኝም ላልሽው፣ ጆሮሽ ደኅና ነው። አሜሪካውያን «ት»ን በሁለት አናባቢዎች መካከል ሲያገኟት ያለሰልሷታል፤ ለእኛ ጆሮ «ረ» ወይም «ደ» ትመስላለች። «ጌት ኢት» «ጌሪት» ይሆናል፤ «ጌት አፕ» «ጌራፕ»። «ጌት ኸር» ሲሉ ደግሞ «ኸ»ን ይውጧትና «ጌረር» ይሆናል። «ጋት ቱ» ተጨፍልቆ «ጋራ» ሲባል የሰማሽውም ይኸው ቃል ነው፤ ትርጉሙ «አለብኝ» ነው። ስለዚህ «ጌት»ን ብቻዋን አትፈልጊያት፤ ከተከታይዋ ጋር እንደ አንድ ቃል አድርገሽ ጆሮሽን አለማምጂ።

ማለዳ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ «ተ» እና «አስ» ያሉት ዓይኔን ገለጠልኝ፤ እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ አላስረዳኝም። «ጌሪት» የተባለውንም ዛሬ ሥራ ላይ ሰማሁት፤ በየደቂቃው ነው ለካ የሚሉት።

አንድ ነገር ግን ከበፊቱ ይበልጥ ግራ አጋባኝ። «ጋት ቱ» አለብኝ ማለት ከሆነ፣ ባልደረባዬ ከእረፍት ተመልሳ በደስታ «አይ ጋት ቱ ሲ ማይ መዘር» ያለችው «እናቴን ማየት አለብኝ» ብላ ነው? ፊቷ ግን የግዴታ ፊት አልነበረም።

መንገደኛ

ያው ነው፤ ማየት አለብኝ ማለቷ ነው። ደስታው እናት ስለሆነች ነው።

ጣና ዳር

ወንድሜ መንገደኛ፣ ይህኛውስ መስማት ብቻውን የማይበቃው ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ልብስ መጡ። «ጌት ቱ» ከግስ ጋር ሲመጣ ዕድል ማግኘትን፣ መብቃትን ያመለክታል። ባልደረባሽ ከእረፍት ተመልሳ ስላለፈው ነው የምታወራው፤ ስለዚህ «እናቴን ለማየት በቃሁ» ነው ያለችው። አለብኝ የሚለው ሲጻፍ «አይቭ ጋት ቱ ሲ» ነው፤ በመካከሉ ያለችው «ቭ» ቀጭን ስለሆነች ከአፍ ላይ ትጠፋለች። «ጋት ቱ» ስትሰሚ መለያሽ ጊዜው ነው። ነገሩ ካለፈ ዕድል ነው፤ ገና ከሆነ ግዴታ ነው። «ጌት ቱ» ከሆነ ግን ገና ላልሆነውም ዕድል ነው፦ «አይ ጌት ቱ ሊቭ ኧርሊ ቱዴይ» ስትልሽ በጊዜ እንድወጣ ተፈቀደልኝ ብላ ደስ ብሏታል፤ «አይቭ ጋት ቱ ሊቭ» ካለች መሄድ አለብኝ ብላ ልትነሣ ነው።

ቴምዝ

ከለንደን ነኝ። እህታችን የአሜሪካ ዘመድ ሁሉ እዚህ ሲመጣ የሚደናገርበትን ላንሳ። እዚህ «ጋት» ሳይሆን «ጎት» ነው የሚባለው። «ዱ ዩ ሃቭ» ከማለት ይልቅ «ሃቭ ዩ ጎት» ማለት ይቀናቸዋል፤ አለህ ወይ ለማለት ነው። አሜሪካኖቹ «ጋትን» የሚሉት ሦስተኛው የግሱ ቅርጽ እንግሊዝ ውስጥ በተለመደው አነጋገር የለም፤ እዚህ ሁሉም «ጎት» ነው። ለአሜሪካኖቹ ግን ሁለቱ ይለያያሉ፦ «አይቭ ጋት ኤ ሌተር» ደብዳቤ አለኝ፣ «አይቭ ጋትን ኤ ሌተር» ደብዳቤ ደርሶኛል።

«ት»ንም እዚህ ወደ «ረ» አይቀይሯትም፤ ብዙው የለንደን ሰው ጉሮሮው ውስጥ ያስቀራታል።

በነገራችን ላይ በእኛ ፊደል «ጌት» ብለን ስንጽፈው የግቢ በር ይመስላል። «ሰት» የሚባለውን ሌላውን ባለ ብዙ ትርጉም ግስ አንዱ ወዳጄ «ሴት» ብሎ ጽፎልኝ መልእክቱን ለመረዳት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

በረንዳ

ዱባይ ሆቴል ውስጥ በአስተናጋጅነት እሠራለሁ። ለአገልግሎት ሥራ የሚጠቅሙትን ብቻ ልንገርሽ። እንግዳ «ኬን አይ ጌት ኤ ኮፊ?» ካለ ማዘዙ ነው። በዕድሜ ጠና ያሉ እንግሊዞች «ኬን አይ ሃቭ» ይላሉ፤ የመጀመሪያውን የማይወዱም አሉ። አንቺ ስትመልሺ «አይል ጌት ኢት ፎር ዩ» በዪ፤ አመጣልዎታለሁ ነው። የማታውቂውን ነገር ከጠየቁሽ «አይል ጌት ባክ ቱ ዩ» ማለት አጣርቼ አሳውቅዎታለሁ ነው እንጂ በእግር ተመልሶ መምጣት አይደለም። «ጌት ሪድ ኦፍ» ሲሉሽ ዕቃውን እንድታስወግጂው ነው፤ እንድታመጪው እንዳይመስልሽ። ሰው በትሕትና ጠይቆሽ እሺ ልትዪ ከፈለግሽ «ዩ ጋት ኢት» ይበቃል፤ ለአለቃ ግን «ሰርተንሊ» ይሻላል።

ማለዳ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመጨረሻ አንዲት ጥያቄ። አዲሷ ባልደረባዬ «ዌን ዱ ዩ ጌት ኦፍ?» ስትለኝ ስለ አውቶቡስ የጠየቀችኝ መስሎኝ የምወርድበትን ፌርማታ ነገርኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ።

የሌሊት ፈረቃ

«ጌት ኦፍ» ከአውቶቡስ መውረድም ነው፤ ከሥራ መውጣትም ነው። «ዌን» ብላ ስለጠየቀች ሰዓት ነው የፈለገችው፤ ፈረቃሽ መቼ እንደሚያልቅ። ፌርማታ ብትፈልግ ኖሮ «ዌር» ትል ነበር። «አይ ጌት ኦፍ አት ሰቨን» ብለሽ መልሺላት። ሰባት ያልሽው የእነሱ ሰባት መሆኑን አትርሺ፤ በእኛ አንድ ሰዓት ነው።

ለትራንስፖርቱ ደግሞ፦ ቆመሽ የምትሄጂበት ነገር፣ አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን፣ «ጌት ኦን» እና «ጌት ኦፍ» ነው። ጎንበስ ብለሽ የምትገቢበት መኪናና ታክሲ «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት» ነው። አረጋውያኑን ወደ ሐኪም ቤት ስታጅቢ ሾፌሩ «ጌት ኢን» ካለሽ ግቢ ማለቱ ነው። አልጋ ላይ ያሉትን «ጌት ኸር አፕ» ካሉሽ ግን ቀስ ብለሽ አስነሺያት ነው፤ ከመንካትሽ በፊት ለብቻዋ መነሣት የምትችል መሆኗን መዝገቧ ላይ እዪ።