ሌኒን የመገንጠልን መብት የደገፈው በመርህ ነው ወይስ በስልት? እርዳታችሁን እሻለሁ

የተከበራችሁ አንባቢያን፣ ሶሻሊስቶች በብሔር ጥያቄ ላይ ስላደረጉት ክርክር ጽሑፍ በማዘጋጀት ላይ ሳለሁ አንድ ቦታ ላይ መቀጠል ስላቃተኝ፣ ጉዳዩን የምታውቁ እንድታግዙኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ኦስትሪያዊው ሶሻሊስት ኦቶ ባወር እ.ኤ.አ. በ1907 ብሔርን ከጋራ ዕጣ ፈንታ የመነጨ የባሕርይ አንድነት አድርጎ አየው፤ እርሱና ሌላው ኦስትሪያዊ ሶሻሊስት ካርል ሬነርም፣ ብዙ ሕዝቦች ተደባልቀው ይኖሩበት ለነበረው የኦስትሪያ-ሃንጋሪ ግዛት፣ መብቱ ከመሬቱ ይልቅ ከሰውየው ጋር የሚሄድበትን የባህል ራስ ገዝነት ሐሳብ አቀረቡ። ስታሊን በ1913 ይህን ሐሳብ በመቃወም፣ ቋንቋ፣ ግዛት፣ የኢኮኖሚ ሕይወትና በባህል የሚገለጥ ሥነ ልቦና በአንድነት ካልተሟሉ ብሔር የለም አለ። እስከዚህ ድረስ ችግር የለብኝም።

የተቸገርሁት ሌኒን ዘንድ ስደርስ ነው። በ1914 የመገንጠልን መብት ከፍቺ መብት ጋር አነጻጽሮ፣ መብቱን መቀበል መለያየትን መስበክ አይደለም ሲል ተከራከረ። የፖላንድ ተወላጇ ሶሻሊስት ሮዛ ሉክሰምበርግ ግን ብሔር ተቃራኒ ጥቅም ባላቸው መደቦች የተከፈለ ስለሆነ እንደ አንድ አካል ፈቃድና መብት ሊኖረው አይችልም ባይ ነበረች (እውነቱን ለመናገር፣ ከመደብ ትንተና ጋር ይበልጥ የሚጣጣመው የእርሷ ሙግት ይመስለኛል)።

ታዲያ ሌኒን መብቱን የደገፈው ብሔር በራሱ ዋጋ አለው ብሎ ነው ወይስ በጨቋኝና በተጨቋኝ ብሔር ሠራተኞች መካከል መተማመንን ለመፍጠር ብቻ? ሁለተኛው ከሆነ፣ መገንጠሉ ሠራተኛውን መደብ የሚጎዳ በሚሆንበት ጊዜ የመጨረሻው ውሳኔ የማን ነው፤ የብሔሩ ወይስ የፓርቲው?