የሄንሌ ሉፕ ሽንትን ያቀጥናል ወይስ ያጠነክራል?

ጥያቄ (የጤና ሳይንስ ተማሪ)
ሰላም ለሁላችሁ። ማስታወሻዬ ላይ ኩላሊት ሽንትን ለማጠንከር (ውሃውን ቀንሶ ክምችቱን ለመጨመር) ዋናው ክፍል የሄንሌ ሉፕ፣ ማለትም ኩላሊት ውስጥ ወርዶ ታጥፎ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ፣ ነው ይላል። ቁጥሮቹን ስከተል ግን ሌላ ነገር አያለሁ። ፈሳሹ ሉፑ ውስጥ ሲገባ ክምችቱ በሊትር 300 ሚሊኦስሞል (የሟሙ ቅንጣቶች መለኪያ) ገደማ ነው፤ ታች መታጠፊያው ላይ 1200 ይደርሳል፤ ሲወጣ ወደ 100 ይወርዳል። ከገባበት ይልቅ ቀጥኖ ከወጣ ምኑን አጠነከረው? ሸምድጄ ፈተናውን ማለፍ አያቅተኝም፤ ሳይገባኝ ማለፉን ነው ያልፈለግኩት።

መልስ (የሕክምና ተማሪ)
ዋናው ኤዲኤች የተባለው ውሃ ቆጣቢ ሆርሞን ነው። ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ሆርሞኑ ከፒቱታሪ (አንጎል ሥር ካለው ዕጢ) ይለቀቃል፤ ፈሳሹ ከሉፑ በኋላ በሚያልፍበት በሰብሳቢው ቱቦ ሴሎች ሽፋን ላይ አኳፖሪን 2 የተባሉ የውሃ መተላለፊያዎች ይተከላሉ፤ ውሃው ወደ ሰውነት ይመለሳል። በሉፑ ብዙ አትጨነቂ።

መልስ (የፊዚዮሎጂ መምህር)
እህቴ፣ የጠየቅሽው ዋናውን ነገር ነው። ስለ ኤዲኤች የተባለው እውነት ነው፤ በሉፑ አትጨነቂ የሚለውን ግን አልስማማበትም። ኤዲኤች በሩን ይከፍታል እንጂ ውሃ አይስብም። ውሃ በኦስሞሲስ የሚሄደው ክምችቱ ወደበዛበት ነው፤ ያን ክምችት ሜዱላ (የኩላሊት ውስጠኛ ክፍል) ውስጥ የሚፈጥረው ሉፑ ነው።

ስለዚህ ፈሳሹን ብቻ አትከተዪ፤ ከፈሳሹ የወጣው ጨው የት ገባ ብለሽ ጠይቂ። የሉፑ ሽቅብ የሚወጣው ወፍራም ክንድ ሶዲየምና ክሎራይድን ወደ ውጭ ያስወጣል፤ ውሃ ግን አያሳልፍም። ፈሳሹ 100 የሆነው ለዚህ ነው፤ ጨዉ ሜዱላ ውስጥ ቀርቷል። ይህ ክንድ በውስጡ ባለው ፈሳሽና በዙሪያው መካከል በአንድ ደረጃ ሊፈጥር የሚችለው ልዩነት ግን 200 ገደማ ብቻ ነው። ቁልቁል የሚወርደው ክንድ በተቃራኒው ውሃ ስለሚያሳልፍ ጨዋማው ሜዱላ ውስጥ ሲያልፍ ውሃውን እያጣ ይጠነክራል። ያ የጠነከረ ፈሳሽ ታጥፎ ወደ ወፍራሙ ክንድ ሲደርስ 200ው የሚደረበው በ300 ላይ ሳይሆን ከዚያ በላይ ባለው ላይ ነው። እንዲህ እየተደራረበ ይሄዳል። ሁለቱ ክንዶች በአንድ አቅጣጫ ቢፈሱ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

ይህ ውጨኛውን ሜዱላ በደንብ ያስረዳል። ወደ ውስጠኛው ስትወርጂ ከክምችቱ ግማሽ ያህሉ ዩሪያ (ከፕሮቲን የሚመጣ ቆሻሻ) ነው፤ ኤዲኤች ሲኖር ከሰብሳቢው ቱቦ ታችኛ ክፍል ይወጣል።

ጠያቂዋ
አሁን እየገባኝ ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን ከሰብሳቢው ቱቦ ያ ሁሉ ውሃ ሜዱላ ውስጥ ሲገባ ክምችቱን መልሶ አያቀጥነውም?

መልስ (የፊዚዮሎጂ መምህር)
አያቀጥነውም፤ እኔ ከሁሉ የሚያስደንቀኝም ይህ ነው። ኤዲኤች ሲኖር ፈሳሹ ሜዱላ ከመድረሱ በፊት ኮርቴክስ (የኩላሊት ውጨኛ ክፍል) ላይ ከ100 ወደ 300 ይመጣል። አስቢው፤ ለዚህ ብቻ ወደ ሁለት ሦስተኛው የሚሆነው ውሃ ደም በብዛት በሚፈስበት ኮርቴክስ ውስጥ ወጥቶ አለቀ ማለት ነው። ሜዱላ የሚደርሰው ትንሽ ነው፤ እሱንም ቫዛ ሬክታ የተባሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይወስዱታል። እነዚህ የደም ሥሮችም እንደ ሉፑ ወርደው ታጥፈው ይወጣሉ፤ ሲወርዱ የወሰዱትን ጨው ሲወጡ አብዛኛውን ይመልሱታል፤ ፍሰታቸውም ዝግ ያለ ነው።

መልስ (ነርስ)
አንድ ነገር ልጨምር፤ የቁጥሩ ጥቅም እንዲታይሽ። ሰውነት በቀን 600 ሚሊኦስሞል ያህል ቆሻሻና ጨው ማስወገድ አለበት። ከፍተኛው ክምችት 1200 ከሆነ ቢያንስ ግማሽ ሊትር ሽንት ያስፈልጋል። ማጠንከር የማይችል ኩላሊት 300 ላይ ቢቆም ለዚያው ሥራ 2 ሊትር ያወጣል። ሊቲየም የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ አንዳንድ ታካሚዎች ኤዲኤች እያላቸው ብዙ የሚሸኑትና ውሃ የሚጠማቸው ሰብሳቢው ቱቦ ለሆርሞኑ መልስ መስጠት ስለሚያቅተው ነው።

ጠያቂዋ
ፉሮሴማይድ የተባለው ሽንት የሚያበዛ መድኃኒትስ የት ነው የሚሠራው?

መልስ (የፊዚዮሎጂ መምህር)
ያው ወፍራሙ ክንድ ላይ። ጨው አስወጪውን ፕሮቲን ይዘጋዋል። ጨዉ ካልወጣ ሜዱላው አይጠነክርም፤ ፈሳሹም ወደ 100 አይወርድም። ስለዚህ መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ሽንቱ በብዛት ይወጣል፤ ክምችቱም ከደሙ ክምችት ብዙም አይርቅም፣ ውሃ ቢጠማውም ቢጠጣም።