የሮቶ ውኃ መጠንና የፓምፕ መነሣት በአንድ ሲሙሌሽን ውስጥ

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ ለሚገኝ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ የውኃ አቅርቦት ሲሙሌሽን (በኮምፒውተር የሚሠራ ማስመሰያ) እየሠራሁ ነው። ጣሪያው ላይ 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለ፤ ውኃው ወደ 1,000 ሊትር ሲወርድ ፓምፑ ይነሣል፣ 4,500 ሲደርስ ይቆማል። የቧንቧ መከፈትና መዘጋት፣ የመብራት መጥፋትና መምጣት በቅጽበት የሚሆኑ ክስተቶች ስለሆኑ ወረፋ አስይዣቸዋለሁ፤ ያለማቋረጥ የሚለዋወጠውን የውኃ መጠን ግን በየደቂቃው አሰላዋለሁ። ፓምፑ ዘወትር ወሰኑ ካለፈ በኋላ ይነሣል፤ እርምጃውን ወደ 1 ሴኮንድ ባወርደው ደግሞ ሥራው እጅግ ይንቀረፈፋል። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦
ሰዓቱን በእኩል እርምጃ መግፋት አያስፈልግዎትም። በሁለት ክስተቶች መካከል የሚገባውና የሚወጣው ውኃ ፍጥነቱ ቋሚ ከሆነ፣ ወሰኑ የሚደረስበት ሰዓት በማካፈል ብቻ ይገኛል። ፓምፑ በደቂቃ 60 ሊትር እያስገባ ነዋሪው 20 ቢወስድ፣ የሚጎድለው 3,500 ሊትር ለ40 ሲካፈል 87.5 ደቂቃ ይሆናል፤ ይህንን ሰዓት እንደ ማንኛውም ክስተት ወረፋው ውስጥ ያስገቡት። በመካከሉ ሌላ ቧንቧ ቢከፈት፣ እስከዚያች ቅጽበት ያለውን መጠን አስልተው፣ የቀድሞውን ቀጠሮ ሰርዘው፣ በአዲሱ ፍጥነት ሌላ ይያዙ። ስረዛውን አደራ! እኔ ረስቼው ፓምፑ ያለ ሰዓቱ ሲቆም ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ውኃው በራሱ ክብደት ሲወርድ ፍጥነቱ ከከፍታው ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚቀንስ ቀላሉ ማካፈል አይበቃም። ያኔ ወሰኑ የታለፈበትን እርምጃ ለሁለት እየከፈሉ ቅጽበቱን ማጥበብ ይቻላል። የሲሙሌሽን ተመራማሪው በርናርድ ዘይግለር በ1976 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ዴቭስ (DEVS፣ ሥርዓትን በክስተቶች የመግለጫ ዘዴ) ላይ የተመሠረተ ሌላ መንገድም አለ፦ በጊዜው ፈንታ የውኃው መጠን ራሱ በእኩል ደረጃዎች ይከፈልና ወደ ቀጣዩ ደረጃ መድረሱ ክስተት ይሆናል። ሁለቱን ወሰኖች ግን አንድ እንዳያደርጓቸው፤ ፓምፑ በዚያች ነጥብ ላይ ያለ ዕረፍት እየተነሣና እየቆመ ሲሙሌሽኑ ወደ ፊት መሄድ ያቅተዋል።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ በማካፈሉ ስሠራው ፓምፑ ልክ 1,000 ላይ ተነሣ። አንድ ነገር ቀርቶኛል፦ ውኃው 1,000 ላይ ሲደርስ መብራት ጠፍቶ ከነበረ፣ መብራቱ ሲመለስ ፓምፑ አይነሣም።

መልስ 1፦
ወሰኑ አስቀድሞ ስለታለፈ እንደገና የሚያልፈው የለም። «መሙላት ይፈለጋል» የሚለውን ሁኔታ ለብቻው ይመዝግቡና፣ መብራት በመጣ ቁጥር እርሱን ይመልከቱ፤ ሞልቶ ሳይጨርስ መብራት የጠፋበት ሮቶም በዚሁ ካቆመበት ይቀጥላል።