ክርክር፦ ሲዲ የሌለው ፕሌይስቴሽን ለአዳማ ያዋጣል?

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ሳምንት አንድ አባላችን የጌም መደርደሪያውን ፎቶ ለጠፈ። 112 ሲዲ፣ በቀለም በቀለም ተሰድሮ። ከሥሩ አንዱ «ይሄ ሁሉ ፕላስቲክ ምን ሊሠራ ነው? ቀጣዩ የጌም ማሽን፣ ኮንሶሉ፣ ሲዲ ማስገቢያ የለውም» ብሎ ጻፈ። ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ግማሹን መልእክት ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ስለ ሲዲ የመሰብሰብ ልማድና ስለ ቀጣዩ ኮንሶል በሥርዓት እንከራከር። ነገሩ ወሬ ብቻም አይደለም። ፖስታ ቤት አካባቢ ጌም ቤት ያላቸው ጋሼ ሁለት ፕሌይስቴሽን 5 ሊገዙ ነው። ሲዲ ያለውን ይግዙ ወይስ የሌለውን? ዓመት ስትጠቅሱ በፈረንጅ ይሁን፤ የኮንሶሉ ዓለም የሚሄደው በእሱ ነው። ስድብ የለም። «ገገማ»ም ስድብ ነው።

ባለ ጌም ቤቱ፦
እግዜር ይስጥልኝ ልጆች። እኔ ሥራውን የጀመርኩት በፕሌይስቴሽን 2 ነው። አሁን አራት ፕሌይስቴሽን 4 አሉኝ፤ ሁለቱ እንደ ባጃጅ ይጮሃሉ። የእኔ ዘዴ ሁሌም አንድ ነው። አዲስ ሲወጣ አልቸኩልም፣ እስኪረክስ እጠብቃለሁ። ፕሌይስቴሽን 2 በ2000 አሜሪካ ውስጥ በ299 ዶላር ወጥቶ በ2009 99 ዶላር ገብቷል። ይሄኛው ግን ተገላቢጦሽ ሆነብኝ። በ2020 በ499 ዶላር የወጣው ባለ ሲዲው ፕሌይስቴሽን 5 በ2025 እዚያው አሜሪካ 549 ገባ። እሱ እስኪረክስ ስጠብቅ ብሬ ረከሰ። ስለዚህ ከእንግዲህ አልጠብቅም። የቱን ልግዛ ነው ጥያቄዬ።

ተማሪው፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልደበቅም። ጋሼ፣ ሲዲ የሌለውን ይግዙ። ዋጋው ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ግን ሒሳብ አለው። በአንድ አካውንት የገዙት ጌም ሁለት ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ይሠራል። አንዱን ማሽን የአካውንቱ ዋና ቤት ያደርጉታል፣ እዚያ ማንም ገብቶ ይጫወታል። በሁለተኛው ላይ ደግሞ በራሱ በአካውንቱ ይገባሉ። አንድ የኳስ ጌም ገዝተው ሁለት ቴሌቪዥን ላይ ማለት ነው። በሲዲ ከሆነ ሁለት ይገዛሉ።

ደግሞ አቅጣጫውን እዩት። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ በ2020 ሲወጣ ሲዲ የለውም። ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ በኖቬምበር 2024 በ700 ዶላር ወጣ፤ እሱም የለውም። ማጫወቻውን ከፈለግህ በ80 ዶላር ለብቻው ገዝተህ ግጠም ነው። 700 ከፍለህ!

ሰብሳቢው፦
700 ዶላር ተከፍሎበት ማስገቢያ መነፈጉን እንደ ጥሩ ዜና ስትነግረን ትንሽ አያሳፍርህም?

አንድ ቀን ላስታውሳችሁ። ጁላይ 29 ቀን 2024፣ በእኛ ሐምሌ 22 ቀን 2016። ያን ዕለት ብሔራዊ ባንክ ብርን ለገበያ ለቀቀው። በዚያው ዕለት ማይክሮሶፍት የኤክስቦክስ 360ን የኢንተርኔት ሱቅ ዘጋ። እኔ ቤት ሁለት ሐዘን ነበር። ከዚያ በፊት በመጋቢት 2023 ኔንቴንዶ ስሪዲኤስና ዊ ዩ የሚባሉትን የድሮ ማሽኖቹን ሱቅ ዘግቷል። በዚያው ዓመት ደግሞ የድሮዎቹ ፊፋዎች ከዲጂታል ሱቆች ተነሱ፤ ጌሙን የሚሠራው ኩባንያና ፊፋ ተለያዩ፣ ስሙም ተቀየረ። ዛሬ ፊፋ 17 አማረኝ ያለ ሰው ሱቁ ውስጥ አያገኘውም። እኔ መደርደሪያ ላይ ግን አለ።

ሲዲ ማለት ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ከሁሉ በላይ ይዋዋሱታል። እኛ ሰፈር ያደግነው ተዋውሰን ነው። የወረደ ጌም ለጎረቤት ታውሳለህ?

ተማሪው፦
ማስተካከያ። የኤክስቦክስ 360 ሱቅ ሲዘጋ የቆመው አዲስ መግዛት ነው። አስቀድመው የገዙት ዛሬም ማውረድ ይችላሉ። ሐዘንህን ግማሽ አድርገው።

ደግሞ እስቲ በሐቅ፣ ከ112ቱ ስንቱ የአምና ኳስ ነው?

ሰብሳቢው፦
31።

ተማሪው፦
እና ከተረፈው ስንቱን ተጫውተኸዋል?

ሰብሳቢው፦
ይሄ የክርክሩ ርዕስ አይደለም። አወያይ?

አወያይ፦
ርዕስ ነው። የመሰብሰብ ልማድ ብለን ነው የከፈትነው።

ሰብሳቢው፦
እሺ። 40 አይሞላም። አሥራ አንዱ ላስቲኩም አልተቀደደም። የማስቀምጣቸው አልጋዬ ሥር ባለ ሻንጣ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ባዶ ሽፋን ነው ያለው። አቧራ እንዳይበላቸው ነው። ሳቁ።

ባለ ጌም ቤቱ፦
አልሳቅንም ልጄ። እናቴ ሰርቪሱን የምታወጣው ለእንግዳ ብቻ ነበር።

ጥገና ቤት፦
ሁላችሁም ማሽኑን ከውጭ ነው የምታዩት። እኔ ከፍቼው ላውራ። አዳማ ላይ ኮንሶል የሚገድለው አቧራ፣ ሙቀትና የመብራት ሄድ መለስ ነው። ቀጥሎ ሲዲ ማጫወቻው ይመጣል። የሚንቀሳቀስ ዕቃ ነዋ፤ ሞተር አለው፣ ሌንስ አለው። የጌም ቤት ሲዲ ደግሞ ቲሸርት ላይ ተጠርጎ ነው የሚገባው። በዚህ በኩል ተማሪው አልተሳሳተም፤ ሲዲ የሌለው ማሽን አንድ የሚበላሽ ነገር ቀነሰ።

ግን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ፕሌይስቴሽን 2 ጌሙን ከሲዲው ላይ እያነበበ ነበር የሚያጫውተው። ከ4 ወዲህ እንዲያ አይደለም። ጌሙ መጀመሪያ ወደ ማሽኑ ይገለበጣል፣ ሲዲው ከዚያ በኋላ ቁልፍ ነው። ካላስገባኸው አይከፍትልህም፣ ስታስገባው ግን የምትጫወተው ከውስጥ ያለውን ነው። በላዩ ላይ ማሻሻያ ይወርዳል። ስለዚህ «ሲዲ አለኝ፣ ጌሙ በእጄ ነው» የሚለው እንደ ድሮው ሙሉ አይደለም።

ይባስ ብሎ ተነቃዩ ማጫወቻ መጀመሪያ ሲገጠም በኢንተርኔት መመዝገብ አለበት። ደንበኛ «ገጥምልኝ» ብሎ አምጥቶ ኔትወርክ ጠፍቶ ሁለታችንም ተፋጠን የተቀመጥንበት ቀን አለ። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ደግሞ ውስጡ የሰዓት ባትሪ አለ፤ እንደ ሳንቲም ክብ። እሱ ሲሞት ኢንተርኔት ከሌለ ጌም አልከፍትም ይል ነበር፣ ሲዲውንም ጨምሮ። ሰው ጮኸ፣ በ2021 በማሻሻያ ተስተካከለ። ባይጮህ ኖሮ የሰብሳቢው ሻንጣ አንድ ቀን በአንድ ባትሪ ምክንያት ዝም ይል ነበር።

አንድ የማይጣፍጥ እውነት ልጨምር። የልጅነታችን ሲዲ አብዛኛው ቅጂ ነው። ስንቱን ፕሌይስቴሽን 2 ቅጂ የሚያስነብብ ቺፕ የገጠምኩት እኔ ነኝ። የፋብሪካ ሲዲ ተጨፍልቆ የታተመ ነው፣ ከተያዘ ይቆያል። ቅጂው ግን የሚጻፈው ቀለም ላይ ነው፤ ቀለሙን ሙቀትና ፀሐይ ይበሉታል። አዳማ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያስቀመጠ ሰው ዛሬ ያለው የሚያብረቀርቅ የቡና ማስቀመጫ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ይቅርታ፣ እኔ ጌም አላውቅም። ልጄ ነው እዚህ ያስገባኝ። ግን በዚህ ነገር ተቃጥያለሁ።

አሜሪካ ያለ ዘመዳችን በራሱ አካውንት ለልጄ ጌም ይገዛለት ነበር። ለልደቱ፣ ለገና፣ ስምንት ያህል። አንድ ቀን ዘመዳችን የይለፍ ቃሉን ቀየረ። ክፋት የለበትም፣ ስልኩ ጠፍቶበት ነው። ከዚያ የአካውንቱን ኢሜይል ረሳ። የኩባንያውን ሰዎች ሲያናግር የማያስታውሰውን ነገር ይጠይቁታል። ስምንቱም ጌም እንደወጣ ቀረ። ልጄ ማሽኑን ከፍቶ ሥዕሎቹን ያያቸዋል፣ ቁልፍ ተሥሎባቸዋል። ያን ቀን ያለቀሰውን አያቱ ስትሞት አላለቀሰም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሲዲ ቢሆን ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ለነገሩ አሁን የገዛሁለትን ሲዲ በፈተና ሰሞን ቆልፌበት ቁልፉን መቀነቴ ላይ አስራለሁ። ያየር ላዩን በምን ልቆልፈው?

ተማሪው፦
እትዬ፣ ማሽኑ ላይ የወላጅ መቆጣጠሪያ አለ። በቀን ስንት ሰዓት እንደሚጫወት እርስዎ ይወስኑለታል። መጥቼ አስተካክልልዎታለሁ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ና። ግን ቁልፉ እንዳለ ይቆያል።

ሰብሳቢው፦
እትዬ የተናገሩት ዋናው ነገር ነው። የፕሌይስቴሽን ሱቅ አገራት ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ሁላችንም ወረቀት ላይ የአሜሪካ ወይም የዱባይ ነዋሪዎች ነን። በቴሌብር አትከፍልም። ጊፍት ካርድ ከሰው ትገዛለህ፣ ካርዱ ካልሠራ ማንን ትከሳለህ? በሌላ አገር ስም በተከፈተ አካውንት ላይ ሃምሳ ሺህ ብር የሚያስቀምጥ ሰው እቁቡን ለመንገደኛ እንደሰጠ ነው።

ካሊፎርኒያ እንኳ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አውጥታለች። ዲጂታል ሱቅ የሚሸጥልህ ፈቃድ ብቻ ከሆነ «ግዛ» ከማለቱ በፊት ያንን በግልጽ መናገር አለበት። የራሳቸው አገር ሕግ «አልገዛችሁትም» እያለ አንተ እዚህ ገዛሁ ትላለህ።

ተማሪው፦
የአካውንቱ ነገር እውነት ነው፣ መልስ የለኝም። የራስን አካውንት በራስ ኢሜይል መክፈት ነው፣ ያ ብቻ።

ሲዲ ያድናል የሚለውን ግን አልቀበልም። ዘ ክሩ የሚባለውን የመኪና ጌም ታውቁታላችሁ። በ2014 ወጣ፣ በሲዲም ተሸጧል። ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሲዲ ያለውም የሌለውም እኩል ነው። በዚህ የተነሳ አውሮፓ ውስጥ ጌሞቻችንን አትግደሉብን የሚል ፊርማ ተሰብስቦ በ2025 ከአንድ ሚሊዮን አልፏል። ጉዳዩ ሲዲ አይደለም ማለት ነው። ኩባንያው ሲሄድ ጌሙ ይቆይ የሚል ሕግ ነው የሚያስፈልገው።

ሰብሳቢው፦
እሱም ሻንጣው ውስጥ አለ። ዘ ክሩ።

ጥገና ቤት፦
ነፍስ ይማር።

አወያይ፦
ወደ ወደፊቱ እንለፍ። ጋሼ ዛሬ ገዝተው ነገ አዲሱ ቢወጣስ?

ተማሪው፦
ነገ አይወጣም። የፕሌይስቴሽንን ዓመታት ደርድሩ። 1994፣ 2000፣ 2006፣ 2013፣ 2020። ልዩነቱ 6፣ 6፣ 7፣ 7 ነው። የእኔ ግምት 2027 መጨረሻ ወይም 2028 ነው፤ ወደ 2028 አደላለሁ። ማርክ ሰርኒ፣ የ4ንና የ5ን ንድፍ የመራው ሰውዬ፣ በኦክቶበር 2025 ከቺፕ ሠሪው ኤኤምዲ ሰው ጋር ቀርቦ ለወደፊት ኮንሶል ስለሚያስቡት ነገር ሲናገር ጥቂት ዓመታት ይቀራሉ ነው ያለው።

የሚሠሩበት ነገር ሁለት ነው። አንዱ የብርሃን ስሌት ነው፤ ጥላውና ነጸብራቁ እንደ እውነቱ እንዲሆን። ሌላው ማሽኑ ሥዕሉን በትንሹ ሠርቶ ቀሪውን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ እንዲሞላ ነው። ፕሮው ይህንን አሁንም ይሠራል። ይሄ የሆነው ቺፑን በየዓመቱ ማሳነስ ውድ ስለሆነ ነው። ጋሼ የለመዱት የዋጋ መውረድም የቆመው በዚሁ ነው። በዚያ ላይ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ድርጅቶች ሚሞሪውን እየጠረጉት ነው። ቀጣዩ ኮንሶል ርካሽ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ካለ አይጠብቅ።

ሲዲውን በተመለከተ፣ ውርርድ ካላችሁ እገባለሁ። መደበኛው ያለ ማስገቢያ ይወጣል፣ ማጫወቻው ለብቻው ይሸጣል። ለምን? አንዴ የሠሩትን ተነቃይ ነገር አይጥሉትም።

ሰብሳቢው፦
ማጫወቻው ከኖረ ለእኔ ይበቃኛል። እኔ የምፈራው ኔንቴንዶ ያደረገውን ነው። ማሽኑ ስዊች 2 በጁን 2025 ሲወጣ አንዳንዱ የጌም ካርድ ውስጡ ጌም የለውም። ካርዱን ትሰካለህ፣ ጌሙን ከኢንተርኔት ታወርዳለህ። ሽፋን አለው፣ ሥዕል አለው፣ ትሰበስበዋለህ፤ ባዶ ነው።

ጥገና ቤት፦
ግን ይዋዋሱታል። ይሸጡታል። ካርዱ ያለው ሰው ነው የሚጫወተው። አንተ ከላይ ያመሰገንከው እኮ ይሄንኑ ነው።

ሰብሳቢው፦
...እሱስ ነው። አላሰብኩትም።

ባለ ጌም ቤቱ፦
እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ተማሪው አንድ ኳስ ለሁለት ማሽን ይሠራል አለኝ። ኔትወርክ ሲጠፋስ?

ተማሪው፦
ዋናው ማሽን ይሠራል። ሁለተኛው ፈቃዱን በኢንተርኔት ስለሚያጣራ ይቆልፋል።

ባለ ጌም ቤቱ፦
ቅዳሜ ማታ ቆለፈ በለኝ።

ጥገና ቤት፦
ማውረዱንም ያስቡበት። 100 ጊጋ ጌም በ10 ሜጋ ዋይፋይ ያለማቋረጥ 22 ሰዓት ግድም ይፈጃል። መብራት ሳይጠፋ።

ተማሪው፦
አንዴ ነው የሚያወርዱት እኮ! ሌሊት ከፍተውት ይተኛሉ።

ባለ ጌም ቤቱ፦
በቃ ገባኝ። አንዱን ባለ ሲዲ፣ አንዱን ያለ ሲዲ እገዛለሁ። የሌለውን የአካውንቱ ዋና ቤት አደርገዋለሁ፤ ኔትወርክ ቢሄድም አይቆልፍም። ባለ ሲዲው በሲዲው ይሠራል። ተማሪው አካውንቱን በእኔ ኢሜይል፣ እኔ ፊት ይከፍትልኛል። በልጄ ስምም አይሆንም፤ እትዬ አስፈራርተውኛል።

ሰብሳቢው ልጄ፣ አንተ ደግሞ አንድ ውለታ ዋልልኝ። ለመክፈቻ ሳምንት አንድ ጥሩ የመኪና ጌም ሲዲ አውሰኝ። በሳምንቱ እመልሳለሁ።

ሰብሳቢው፦
ጋሼ፣ ያለኝ ጥሩ የመኪና ጌም ላስቲኩ ያልተቀደደው ነው።

ተማሪው፦
«እኛ ሰፈር ያደግነው ተዋውሰን ነው።»

ሰብሳቢው፦
እናንተ ቤት ቲሸርት ላይ ነው የሚጠረገው ተብሏል እኮ!

ባለ ጌም ቤቱ፦
እኔ በመሐረብ እጠርገዋለሁ።

ሰብሳቢው፦
ፊፋ 17 ይሁንልዎ ጋሼ? እሱ ሁለት አለኝ።

ባለ ጌም ቤቱ፦
አምጣው እስቲ።