ሶሎ ሲደርስ ጣቶቼ ይደርቃሉ፤ እባካችሁ እስከ ነገ ማታ ድረሱልኝ

አዲሱ የባንድ ልጅ፦ ነገ ማታ መድረክ አለን። በትዝታ ቅኝት ያዘጋጀነውን ዜማ ያለ ችግር እጫወታለሁ፤ ዛሬ በልምምድ ላይ ግን የእኔ ሶሎ (ብቻዬን ከራሴ እየፈጠርኩ የምጫወትበት ተራ) ሲደርስ ከሁለት የዜማ ሐረግ በኋላ ጣቶቼ ደረቁ። መሪያችን «ማሰብህን አቁም» ይለኛል። አእምሮ እንዴት ነው የሚዘጋው?

ቀስ በቀስ፦ መጀመሪያ በአፍህ አንጎራጉረው፤ ጣትህ ድምፅህን ይከተላል።

መምህሩ፦ ነገሩ በሳይንስ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቻርልስ ሊም እና አለን ብራውን የተባሉ ተመራማሪዎች ስድስት የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቾችን የአንጎልን ሥራ በምስል በሚያሳይ የኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው 35 ቁልፎች ባሉት ኪቦርድ አጫውተዋቸው ነበር። ተጫዋቾቹ በቃላቸው የያዙትን ትተው ኢምፕሮቫይዝ ሲያደርጉ (እዚያው እየፈጠሩ ሲጫወቱ)፣ ራስን ከመቆጣጠር ጋር የሚያያዘው የፊተኛው አንጎል የጎን ክፍል ሥራው ሲቀንስ፣ የመሐሉ ክፍልና እንቅስቃሴን የሚመሩት አካባቢዎች ግን ይበልጥ ነቅተው ታይተዋል። ስለዚህ መሪህ ትክክል ነው።

ተከራካሪው፦ አልስማማም። ጥናቱ ተቆጣጣሪው ጋብ አለ እንጂ አእምሮ ተዘጋ አላለም። ደግሞም እነዚያ ሰዎች ጣታቸው መንገዱን ያወቀ ባለሙያዎች ናቸው፤ ጣቱ ገና ያልለመደ ሰው ማሰቡን ቢያቆም ያው መድረቁ አይቀርም። ለመሆኑ መሣሪያህ ምንድን ነው?

አዲሱ የባንድ ልጅ፦ ሳክስፎን ነው እንጂ፤ ሌላ ምን ይሆናል?

ጨዋታ አዋቂ፦ አዝማሪን አላየህም? ከታዳሚ የተቀበለውን ስንኝ ደጋግሞ ሲያዜመው እኛ ወደደልን ብለን ብር እንለጥፍለታለን፤ እሱ እቴ፣ እጁ ማሲንቆውን ሳይለቅ በልቡ የሚቀጥለውን ቤት እየፈለገ ነው! አንተም ሐረግ ሲያልቅብህ የመጨረሻውን ድገመው፤ በሦስተኛው መጨረሻውን ብቻ ቀይረው። ብር ከተለጠፈልህ ግማሹ የእኔ ነው።

ነፋሹ፦ ሳክስፎን ከሆነ ጣትህን ተወውና ትከሻህን ተመልከት። ሰው ሲደነግጥ ትከሻው ይነሣል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ቁልፎቹን ከሚገባው በላይ ይጫናል፤ ያን ጊዜ ሐረጉ ሐሳቡ ሳያልቅ ይቆረጣል። አንድ ሐረግ በአንድ ትንፋሽ ይሁን፤ አየር ስትስብ ደግሞ ባስ ጊታሩን አዳምጥ። ከቅኝቱ አምስት ድምፆች በሦስቱ ብቻ ጀምር።

ቀስ በቀስ፦ አሁንም እላለሁ፤ መጀመሪያ በአፍህ አንጎራጉረው።

ነፋሹ፦ ከትዝታ ቅኝት ዓይነቶች የእናንተው ሙሉ ትዝታ ነው ወይስ ግማሽ ትዝታ? የትኞቹን ሦስት ድምፆች እንደምትይዝ የሚወስነው እሱ ነውና ዛሬውኑ ንገረን።