የጋራ ማሞቂያ የዋጋ ጣሪያ ያስፈልገዋል? ክርክር

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ርዕስ በብሪታንያ ሂት ኔትወርክ የሚሉት የጋራ ማሞቂያ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ቦይለር የለም። ምድር ቤት ወይም ሌላ ሰፈር ያለ አንድ ማዕከል ውሃ ያሞቃል፣ ሙቀቱ በቱቦ ለየቤቱ ይደርሳል። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ቤት እንዲህ ነው የሚሞቀው። የ2023ቱ የኢነርጂ ሕግ ቁጥጥሩን የጋዝና የመብራት ገበያ ተቆጣጣሪ ለሆነው ለኦፍጌም ሰጠ፤ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮም ሥራ ላይ ውሏል። እዚህ ለመድረስ መንግሥትና ኦፍጌም ሕዝቡን ደጋግመው አማክረዋል። ሁሌ የሚያነታርከው ግን አንድ ነገር ነው፤ እንደ ጋዝና መብራት የዋጋ ጣሪያ፣ ማለትም ሻጩ ከዚህ በላይ አታስከፍል የሚባልበት ገደብ፣ ይኑረው ወይ? እስካሁን የተመረጠው ጣሪያ የሌለበት መንገድ ነው። ዋጋው ፍትሐዊ ይሁን ይላል ደንቡ፤ ኦፍጌም ያነጻጽራል፣ ያለቅጥ የናረውን ይመረምራል። ይበቃል ትላላችሁ? ስድብ የለም።

የሰባተኛ ፎቋ፦ እኔ ልጀምር፣ አንጀቴ አርሯል። በ2022 ጋዝ ሲወደድ ማዶ ሕንጻ ያለችው ጓደኛዬ ጣሪያ ነበራት፣ እኔ አልነበረኝም። ምክንያቱን ሲነግሩኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። የዋጋ ጣሪያው ከ2019 ጀምሮ አለ፣ ግን ለቤተሰብ ጋዝና መብራት ነው። የኛን ሕንጻ ጋዝ የሚገዛው ድርጅቱ ነው፣ በንግድ ዋጋ። እኔ ታዲያ በሕግ ዓይን የጋዝ ደንበኛ አይደለሁም፣ የሙቀት ደንበኛ ነኝ። በአንድ ደብዳቤ ሂሳቤ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ሌላ ሻጭ እንዳልፈልግ ቱቦው አንድ፣ ሻጩም አንድ።

ተጠራጣሪው፦ እህቴ፣ ብርዱ ይገባኛል። ግን ቤቱን ስትከራዪ ውሉን አላየሽም?

የሰባተኛ ፎቋ፦ አይቻለሁ። ሙቀት በተለየ ውል ይከፈላል ይላል። ዋጋ የለበትም። ውሉን የተዋዋሉት ሕንጻውን የሠራው ኩባንያና ማሞቂያውን የሚያስተዳድረው ድርጅት ናቸው፣ ለ25 ዓመት። እኔ ያኔ እዚህ አገር እንኳ አልነበርኩም።

ሂሳብ ያዡ፦ ከሌላኛው ወገን ላውራ። የምሠራው ለአንዲት ትንሽ የቤቶች ማኅበር ነው። አራት ሕንጻ አለን፣ ከማሞቂያው አንዲት ሳንቲም አናተርፍም። የገዛንበትን ለነዋሪው እናካፍላለን፣ አለቀ። አሁን ጣሪያ መጣ እንበል። ጋዙን ከጣሪያው በላይ ገዝተን ከጣሪያው በታች ብንሸጥ ልዩነቱን ማን ይሙላ? የሊፍት ጥገናው? የሌሎቹ ኪራይ? በ2021 መጨረሻ ላይ ምን እንደሆነ አስታውሱ። የጋዝና የመብራት ሻጮች ተራ በተራ ወደቁ። የወደቁበት አንዱ ምክንያት በውድ እየገዙ በጣሪያው መሸጣቸው ነው። ያኔ ኦፍጌም ደንበኛውን አንስቶ ለሌላ ሻጭ ሰጠው። ማሞቂያው ሲወድቅ ግን ደንበኛውን የት ይወስደዋል? ቱቦውን ነቅሎ?

የሰባተኛ ፎቋ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አልክድም። ግን የኔው ማኅበር አይደለም። አትራፊ ነው።

ሂሳብ ያዡ፦ ጣሪያው ግን አትራፊና አትራፊ ያልሆነ አይለይም። ይለይ ከተባለ ደግሞ ሌላ ክርክር ነው።

ተጠራጣሪው፦ የውድድር ባለሥልጣኑ በ2018 አጥንቶት የለም እንዴ? አብዛኛው ደንበኛ ከጋዝ ጋር የሚቀራረብ ወይም ያነሰ ዋጋ ነው የሚከፍለው ብሎ ነበር። ለጥቂቶች ተብሎ ሁሉን ማሰር ምን ይባላል?

አወያይ፦ ጥናቱን ሙሉውን እንጥቀስ። እንደዚያ ካለ በኋላ ዘርፉ በሙሉ ቁጥጥር ያስፈልገዋል ብሎ ነው የደመደመው። አብዛኛው ደህና ነው ማለት የተጎዳው መድረሻ አለው ማለት አይደለም። እስከ ኤፕሪል 2025 ድረስ አቤት የሚባልበት በር ለሁሉም አልነበረም። ሂት ትረስት የሚባለው የደንበኞች መብት ማስጠበቂያ ውስጥ በፈቃዱ የገባ ድርጅት ደንበኛ ካልሆናችሁ ወይም ባለቤቱ ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ወይም የቤቶች ማኅበር ካልሆነ፣ ብቻችሁን ነበራችሁ። አሁን አቤቱታችሁ በስምንት ሳምንት ካልተፈታ አቤቱታ ወደሚዳኘው ኢነርጂ ኦምቡድስማን መሄድ ይቻላል።

ማሞቂያ ጠጋኙ፦ ሁላችሁም ስለ ዋጋ ታወራላችሁ። እኔ ስለ ቱቦ ላውራ። ሃያ ዓመት ምድር ቤት ውስጥ ነው የኖርኩት። አንድ ሕንጻ ገባሁ፤ ኮሪደሩ በነሐሴ እንደ እንፋሎት ቤት ያቃጥላል። ለምን? ቱቦው በደንብ አልተሸፈነም፣ ውሃው ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ ሙቅ ሆኖ ሌት ተቀን ይዞራል። ከቦይለሩ የወጣው ሙቀት ግማሹ መንገድ ላይ የሚቀርባቸው ሕንጻዎች አሉ። መንገድ ላይ የቀረውን ማን ይከፍላል? ቆጣሪው የሚያነበው ቤት የገባውን ነው። ስለዚህ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ላይ ይጫናል። ሰባተኛ ፎቅ፣ ድርጅትሽ ምንም ሳያተርፍ ሊያስለቅስሽ ይችላል። ጣሪያ አብጂ፣ ቱቦው እንደሆነ አይሰማም።

የሰባተኛ ፎቋ፦ የኛ ኮሪደርም እንደዚያው ነው! ጎረቤቴ ልብስ እዚያ ታሰጣለች። እኛ ግን ደስ ብሎን ነበር።

ማሞቂያ ጠጋኙ፦ እንግዲህ ልብሷን የምታደርቁላት እናንተ ናችሁ።

ጋሼ፦ ልጆች፣ እኔ ከናንተ ወዲያ ነኝ። የካውንስል ቤት ነው፣ የድሮ ሕንጻ፣ ቆጣሪ የሚባል ነገር አላየሁም። በየሳምንቱ ከኪራዩ ጋር የተቆረጠ ገንዘብ እከፍላለሁ። ብቆጥብ ያው፣ ባባክን ያው። ቤቴ ከመሞቁ የተነሳ በጃንዋሪ መስኮት እከፍታለሁ፣ ማጥፊያው ከሠራ ቆይቷል። የናንተ ጣሪያ በኪሎዋት ዋጋ ከሆነ፣ ቆጣሪ የሌለኝስ? እኔን በምን ይለካኛል?

አወያይ፦ ጋሼ ያነሱት ነገር ትልቅ ነው። የ2014ቱ ደንብ ቆጣሪ እንዲገባ ይጠይቃል፣ ግን በብዙ አሮጌ ሕንጻ አይቻልም ወይም ወጪውን አይመልስም ተብሎ ታልፏል።

ሂሳብ ያዡ፦ ቆጣሪ ይግባ ስትሉም አስቡበት። ጋሼ ጥግ ላይ ያለ ቤት ከሆነ፣ ሦስት ግድግዳው ውጭ ከሆነ፣ ቆጣሪ የገባ ቀን ነው የሚያዝኑት። አሁን መካከል ያሉት እየደጎሟቸው ነው።

ጋሼ፦ ጥግ ላይ ነኝ።

ሂሳብ ያዡ፦ ይኸው።

ተጠራጣሪው፦ ከሌላ አገር እንማር። ዴንማርክ ከ1979 ጀምሮ የሙቀት ሕግ አላት። ከቤቱ ሁለት ሦስተኛ ገደማ በጋራ ማሞቂያ ነው የሚሞቀው። ማትረፍ ክልክል ነው፤ ዋጋው የሚሸፍነው ተገቢውን ወጪ ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን ጣሪያ አልነበረም ዋናው ነገር።

የሰባተኛ ፎቋ፦ ቆይ፣ አንተ ሁሉን ማሰር አያስፈልግም ስትል አልነበረም? አሁን ትርፍ ይከልከል ልትል ነው?

ተጠራጣሪው፦ ጣሪያ አይሠራም ነው ያልኩት። እዚያ ባለቤቶቹ በአብዛኛው ከተሞችና ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ስብሰባ ላይ ገብተሽ ሥራ አስኪያጁን ትጠይቂዋለሽ። ስዊድን ደግሞ በ1996 ዋጋውን ለገበያ ለቀቀች፤ በኋላ ሻጮቹ በፈቃዳቸው ከደንበኞች ጋር ስለ ዋጋ የሚነጋገሩበት መድረክ ተፈጠረ።

ማሞቂያ ጠጋኙ፦ ለንደንም ጥሩ ነገር ነበራት። ፒምሊኮ የሚባለው ሰፈር ከ1950 ጀምሮ የሚሞቀው በባተርሲ የመብራት ማመንጫ ትርፍ ሙቀት ነበር፣ ቱቦው በቴምዝ ወንዝ ሥር አልፎ። ማመንጫው በ1983 ተዘጋ፣ ማሞቂያው ግን ሌላ ምንጭ አግኝቶ ቀጠለ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ሠሪው ነው የሚያበላሸው።

የሰባተኛ ፎቋ፦ እሺ፣ ሐሳቤን ትንሽ ልቀይር። ጣሪያ ብቻ ቢሉኝ እነሱ ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ። የኪሎዋቱን ዋጋ ዝቅ አድርገው ስታንዲንግ ቻርጅ የሚሉትን ቋሚ ክፍያ ይሰቅሉታል። እሱን ሂተር ባልነካም በጁላይም እከፍለዋለሁ። ስለዚህ ሁለቱ ተደምረው ይታዩ። ሲነጻጸርም በሐቅ ይነጻጸር፤ ጋዝ ያላት ጓደኛዬ ቦይለር ትገዛለች፣ በየዓመቱ ታስመረምራለች፣ እኔ አልገዛም። ያን አልክድም። ግን መንገድ ላይ የቀረው ሙቀት ስንት እንደሆነ የሂሳብ ወረቀቱ ላይ ይጻፍልኝ።

ሂሳብ ያዡ፦ መጻፉን እኔም እደግፋለሁ። ግን አለቃዬ ሲያየው የሚሆነውን አላውቅም።

ተጠራጣሪው፦ ይጻፍ፣ ችግር የለም። እሱን አይተው ቱቦውን ካልጠገኑስ?

የሰባተኛ ፎቋ፦ ያኔ ጣሪያ። ብክነቱ ከዚህ በላይ ነው የተባለ ሕንጻ ላይ ብቻ፣ ከዚያ ያለፈውን ብክነት ነዋሪው ላይ እንዳይጭኑ።

ሂሳብ ያዡ፦ እኛ ሁለቱ ሕንጻዎች ላይ እንወድቃለን።

ማሞቂያ ጠጋኙ፦ ሥራ ካለ ስልኬን ታውቃለህ።

ጋሼ፦ የኔን ማጥፊያ መጀመሪያ።