የጣሊያን ዘመን ቤት የመቃን ክፈፍ አስመስሎ ለመሥራት

ቀሐ ማዶ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለ የጣሊያን ዘመን (1928–1934 ዓ.ም.) ቤት እየታደሰ ነው። በበሮቹ መቃን ዙሪያ ከተመታው ባለ ቅርጽ ክፈፍ 18 ሜትር ያህሉን ምስጥ በልቶታል። ስፋቱ 70፣ ውፍረቱ 22 ሚሊ ሜትር ነው። ገበያ ላይ ያለው ቅርጹ አይገጥምም። በእጅ ማውጣት ይቻላል? እንጨቱስ?

አንገረብ፦
ይቻላል። መጀመሪያ ከበር ጀርባ ከሚሸሸገው ደህና ክፈፍ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ቀለሙን እስከ እንጨቱ ይፋቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ከነቀለሙ ይለካና ጠርዙ የደነዘዘ፣ ቦዩ የሞላ ቅርጽ ይገለብጣል። አዲሱ ከአሮጌው ጎን ሲቆም ወዲያው ያስታውቃል። የድሮ ቀለም መርዛማ የእርሳስ ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል አርጥበው እንጂ በደረቁ አይፋቁ።

ከዚያ ክፈፉን በቀጭን መጋዝ ይቁረጡና በክፍተቱ ካርቶን አስገብተው ቅርጹን ይንደፉ። ንድፉን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው ያረጀ መጋዝ ቁራጭ ላይ ገልብጠው በሞረድ ያውጡት፤ እንጨቱ ላይ ጉብታ የሆነው ብረቱ ላይ ጎድጓዳ ይሆናል። ብረቱን በሁለት እንጨት መሃል በብሎን ያጥብቁ። አንደኛው እንጨት ዝቅ ብሎ የጣውላውን ጠርዝ ይደገፍ፤ አለዚያ መስመሩ ይዋልላል።

ይህ ብረት ይፍቃል እንጂ አይልግም። ትርፉን አስቀድመው በመላጊያና በመሮ በደረጃ አውርደው ለብረቱ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይተዉለት። እየተንቀጠቀጠ መሰላል የመሰለ ምልክት ከተወ ብዙ እየነከሰ ነው፣ እጅዎን ያቅልሉ። እንጨቱ ከተቦጨቀ በጭረቱ ተቃራኒ እየሄዱ ነው፣ አቅጣጫ ይቀይሩ። ለብክነት ጥቂት ጨምረው 21 ሜትር በአንድ ጊዜ ያውጡ፤ ብረቱ እንደገና በተሞረደ ቁጥር ቅርጹ ትንሽ ይሸሻል።

አዘዞ፦
አሮጌው ምን እንጨት እንደሆነ ይዩና ያንኑ ይፈልጉ። ዝግባ ለመቅረጽ ይመቻል፣ ምስጥ ግን አይችልም። ምስጥ ባለበት ቤት የዋንዛ ልብ እንጨት (የግንዱ መሃለኛ ክፍል) ይሻላል። ጥድ ምስጥን ይቋቋማል፤ ሲመታ ግን ስለሚሰነጠቅ ምስማሩን በቀጭን መሰርሰሪያ ይቅደሙት።

እርጥብ እንጨት ግን በፍጹም! በየሳምንቱ ይመዝኑት፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። ከመምታትዎ በፊት ጀርባውንም ቀለም ይቀቡ፤ ፊቱ ብቻ ከተቀባ በክረምት ጀርባው እርጥበት ጠጥቶ ይጎብጣል።

ቀሐ ማዶ፦
የመቃኑ ማዕዘን ግን 90 አልመጣም፣ 92 ነው።

አዘዞ፦
ለሁለት ይክፈሉት፤ ሁለቱንም ጫፍ ከክፈፉ ጠርዝ ሲለካ በ46 ዲግሪ ይቁረጡ። በ45 ከቆረጡ ማዕዘኑ ላይ ይከፈታል፣ ስቱኮውም ሲደርቅ ይሰነጠቃል።